ሰመርን በሰላም መሸኘት፦ ሲያትልና አካባቢው ላላቹ ሀበሾች

ኦገስት መጨረሻ ላይ ሲያትል ያለ ሀበሻ ሁሉ ወሬው አንድ ነው። "አለቀች በቃ"፣ "ሰመሯ እኮ ሄደች"፣ "ገና ሳንጠግባት"። ከዛ ኦክቶበር ሲገባ ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ስልክ አይነሳም፣ ቴክስት ስትልኩ ከሶስት ቀን በኋላ "ቢዚ ሆኜ ነው" የሚል መልስ ይመጣል፣ እና በቃ እስከ ማርች አንተያይም። በየዓመቱ ያው ነው። እኔ ደሞ እዚህ ከተማ ብዙ ዊንተር ስላሳለፍኩ ለአዲስ መጪዎችም፣ ቆይተውም በየዓመቱ እንደ አዲስ ለሚደነግጡትም፣ የሚሰራውን ነገር ልጻፍ ብዬ ነው። ሬንተን፣ ኬንት፣ ተክዊላ፣ ሊንዉድ ያላቹም ያው ናቹ፣ ፖርትላንድም ብዙ አይለይም። ሚኒሶታ ያላቹ ግን የናንተ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እግዜር ይርዳቹ። ሰዓቱን ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው እንዳትምታቱ።

መጀመሪያ የሚሄደው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሙቀቱ የሄደበት ይመስለዋል። ሙቀቱ አይደለም። ሲያትል እኮ ዲሴምበርም ላይ ቢሆን የአዲስ አበባን የሐምሌ ሌሊት ለለመደ ሰው ያን ያህል የሚገድል ብርድ የለውም፣ በረዶም በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይመጣም። የሚሄደው ብርሃኑ ነው። ጁን 21 አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 9፡10 ላይ ነው፣ ቀኑ ወደ 16 ሰዓት ይረዝማል። ዲሴምበር 21 ላይ 4፡20 ላይ ጠልቃለች፣ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አስቡት፣ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው እንኳን ከንጋት ጀምረን ነው፣ 12 ሰዓት ሲል ይነጋል 12 ሰዓት ሲል ይመሻል፣ ይሄ የሚያስኬደው ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ስለሚችል ነው። እንደዛ የኖረን ሰው አምጥታቹ ከስራ 4፡30 ሲወጣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ብትከቱት ሰውነቱ ግራ ቢገባው ምን ይገርማል። ሰነፍ ሆናቹ አይደለም ማለቴ ነው።

ዝናቡንም በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራቹ፣ ሲያትል ዝናባማ ነች ይባላል አይደል፣ ግን አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከሲያትል ይበልጣል። አዲስ አበባ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፣ ሲያትል ግን 1,000 አካባቢ ወይ ከዛ ትንሽ ያነሰ። ልዩነቱ የኛ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉን አውርዶ፣ ጎርፉን ሰዶ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ብራ ሆኖ ታገኙታላቹ፣ የዚህኛው ደሞ ካፊያ ነው፣ ካፊያ፣ ካፊያ፣ አንዴ ኦክቶበር ላይ ከጀመረ ዳመናው ራሱ ከላያቹ አይነሳም። ስለዚ ዝናብ አትፍሩ፣ ዝናብ ታውቃላቹ፣ የዝናብ ሀገር ልጆች ናቹ። የማታውቁት ዳመናውን ነው።

ሌላው የሚሄደው ደሞ ሰው ነው። ሰመር ላይ ሀበሻ ይገናኛል። ጁላይ 4 ሳምንት በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌደሬሽን የኳስ ውድድር አለ፣ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ኳሱን የማያይ ሰው ሁላ ቲኬት ቆርጦ ሌላ ስቴት የሚሄደው ሰው ሊያገኝ ነው። ሰርጉ ሰመር ነው፣ ግራጁዌሽኑ ሰመር ነው፣ ከሀገር ቤት ዘመድ የሚመጣው ሰመር ነው፣ ሱወርድ ፓርክ ላይ ጥብሱ የሚጨሰው ሰመር ነው። ሴፕቴምበር ሲገባ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ "ሰመር ናፈቀኝ" ከምንለው ውስጥ ግማሹ ሰው ናፈቀኝ ነው። ስለዚ ከዚህ በታች የምነግራቹ ነገር ሁሉ ወይ ብርሃን ለመተካት ነው ወይ ሰው ለመተካት፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ከቡሄ ነው የሚጀመረው

ሀገር ቤት "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል። ቡሄ ኦገስት 19 ነው የሚውለው። እዚህ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚሰራው፣ ቡሄ ካለ የለም ሰመር ብላቹ ያዙት። በዛን ቀን ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 8፡10 ገደማ ነው፣ ማለትም ከጁን ጀምሮ ሳናውቀው አንድ ሰዓት ሄዷል፣ ሴፕቴምበር ላይ ደሞ ጠዋትና ማታው ተደምሮ ቀኑ በየቀኑ ከሶስት ደቂቃ በላይ ያጥራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ኦክቶበር ላይ ድንገት የመጣ ስለሚመስለው ነው። ድንገት አይደለም። ሙልሙሉ ሲጋገር ሰመርን መሸኘት ጀምሩ።

መሸኘት ስል የኛን አሸኛኘት ነው። እንግዳ ሲሄድ ከወንበር ሳንነሳ "በል ቻው" አንልም፣ ደጅ ድረስ እንወጣለን፣ በር ላይ ቆመን ዋናውን ወሬ የምናወራው እዛ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ደሞ እጁን ይዘን "አትሄድም" ብለን አናስቀረውም፣ ይሄዳል። ሰመርንም እንደዛ። ሁለት አይነት ሰው አለ፣ አንዱ ሴፕቴምበር 1 ላይ "አበቃ" ብሎ ይዘጋል፣ ሌላው ኦክቶበር 20 ላይ በቁምጣ እየተንቀጠቀጠ "ገና ነው" ይላል። ሁለቱም አልሸኙም።

ለኦርቶዶክሶች ደሞ ጊዜው ራሱ ተመቻችቶ ነው የተቀመጠው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ ኦገስት 22 ይፈታል። ከዛ እስከ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ድረስ ሃያ ቀን አለቻቹ፣ ረቡዕና አርብን ስትቀንሱ የምትቀረዋ ናት የመጨረሻዋ የጥብስ ጊዜ። የሌበር ዴይ ሎንግ ዊክኤንድም እዛው መሀል ነው የሚወድቀው። ስለዚ ከአሁኑ ቀን ቁረጡ። ፓርኮቹ ላይ ሼልተር በሪዘርቬሽን ነው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው ይያዛሉ። ካልሆነ አልካይ ቢች ላይ ጊዜ ወስዳቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት በቂ ነው፣ ጃኬት ያዙ ግን፣ ነፋሱ አይቻልም። ዋናው ነገር ይሄ የመጨረሻው እንደሆነ አውቃቹ ማድረግ ነው። "ሌላ ጊዜ ደሞ እንሄዳለን" አትበሉ፣ አትሄዱም።

በቆሎውንም አትርሱ። የያኪማ በቆሎ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው የሚደርሰው፣ ሀገር ቤት ደሞ በዛው ሰሞን መንገድ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ ይጠበሳል። የዚህኛው ጣፋጭ ነው እንጂ የኛ አይነት ጥርስ የሚፈትን አይደለም፣ ግን ፍም ላይ ካጠቆራቹት ምንም አይልም።

ጓሮም ሆነ በረንዳ ላይ ነገር የተከላቹ ካላቹ እሱን ማንሳት ራሱ ጥሩ ስንብት ነው። በሶብላ ብርድ አይወድም፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር ይጠቁራል፣ ስለዚ ሴፕቴምበር ላይ አበባውን ከነግንዱ ቆርጣቹ ጥላ ቦታ ገልብጣቹ ስቀሉት፣ ሲደርቅ ዘሩን ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀሩ ግማሹን ለበርበሬና ለሽሮ። ጤና አዳም በማሰሮ ከሆነ ያለው ወደ ውስጥ አስገቡት፣ መስኮት አጠገብ ይከርማል፣ ለቡናም ቅርብ ይሆናል። ጎመን ግን አትንቀሉ! እዚህ ሀገር ጎመን ዊንተሩን ይችላል፣ ውርጭ ሲመታው ጭራሽ ይጣፍጣል፣ ጃንዋሪ ላይ በዝናብ ወጥታቹ ጎመን ቆርጣቹ ስትገቡ የሚሰማቹ ስሜት ሌላ ነው።

ለሰመሩ እንዳትዋሹለትም እፈልጋለሁ። ናፍቆት ሲይዘን ጭሱን እንረሳለን። 2018 እና 2020ን ታስታውሳላቹ፣ በ2022 ደሞ ኦክቶበር ሳይቀር የደን እሳት ጭስ ከተማውን ሸፍኖት የአየር ጥራቱ በዓለም ካሉት ከባዶቹ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ያኔ ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም መስኮት ከፍተን ነው የተቀበልነው። ኤሲ የሌለው አፓርትመንት ውስጥ ጁላይ ላይ ሌሊቱን መገላበጥም አለ። ሲሄድ ሁሉም መልካም ይመስላል።

መስከረም ላይ የሚመጣው ግራ መጋባት

ይሄኛው የኛ ብቻ ነው፣ ፈረንጆቹ የላቸውም። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሀገር ቤት ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ቤት ትደውላላቹ፣ "ኧረ ብራ ሆነልን፣ ፀሐዩ ደስ ሲል" ይሏቹሃል፣ ፎቶ ይልካሉ። እናንተ ደሞ በመስኮት ስታዩ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ሰውነታቹ ሙሉ እድሜውን "መስከረም ማለት ይነጋል" ብሎ ነው የተማረው፣ እዚህ መስከረም ማለት ይመሻል። አዲስ ዓመት ብላቹ ነጭ ለብሳቹ ከዛ ማግስቱን ያለ ምክንያት የሚከፋቹ ለዚህ ነው መሰለኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የምለው በዓሉን ከአየሩ ላይ አውርዱት። እንቁጣጣሽ ሀገር ቤት ተፈጥሮ ራሷ ታከብርላቹ ነበር፣ እዚህ እናንተ ናቹ የምታከብሩት፣ በቃ። የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ኒው ይር ሪዞሉሽን ምናምን ትታቹ የዓመቱን እቅድ ሴፕቴምበር 11 ላይ ጻፉት፣ በአራት ዓመት አንዴ 12 ላይ ይውላል። ኮርስ መመዝገብ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) መማር፣ የነርሲንግ ፕሪሪኩዚት መጀመር፣ ስታጓትቱት የነበረውን ፈተና ማጥናት። የኮሌጁ ፎል ኳርተርም ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው የሚጀምረው። ጨለማው ወቅት ስራ ካለው ጊዜው ይሄዳል፣ ስራ ከሌለው ግን ሶፋ ላይ ዩቲዩብ ነው። ሀገር ቤትም እኮ ፀደይና በጋ ለገበሬው እረፍት አይደለም፣ አጨዳና ውቂያው ያኔ ነው።

ከዛ ደሞ በዓላቶቻችንን ቁጠሩ። መስቀል ሴፕቴምበር 27፣ ህዳር ጽዮን ኖቬምበር 30፣ ታህሳስ ገብርኤል ዲሴምበር 28፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19። ኦሮሞ ወንድሞቻችን ጋ ኦክቶበር መግቢያ ላይ ኢሬቻ አለ። መሀል ላይ ታንክስጊቪንግ የሚባለውን ደሞ ዶሮ ወጥ ሰርታቹ ታልፉታላቹ፣ ጾመ ነቢያት የያዘ በሽሮ ያልፋል። ልብ በሉ፣ ከመስቀል እስከ ህዳር ጽዮን ሁለት ወር የሚሆን ክፍተት አለ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ሰው የሚጠፋውም ያኔ ነው። ያቺን ክፍተት በራሳቹ ነገር ሙሏት። ለሙስሊሞቹ ደሞ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ በነዚህ ዓመታት ወደ ዊንተር እየገባ ነው፣ ጁን ላይ እስከ ማታ 9፡10 የጾመ ሰው በጊዜ ሲያፈጥር አጭሩን ቀን ይመርቀዋል።

ብርሃን

የኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ቅዳሜ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋው ጀንበር እሁድ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይሆናል፣ ይሄ ቀን በካላንደራቹ ላይ በቀይ ይከበብ። በዛን ቀን ሀገር ቤት ያለው ልዩነትም ከ10 ሰዓት ወደ 11 ሰዓት ይቀየራል፣ እማዬን በተለመደው ሰዓት ስትደውሉ ቤተክርስቲያን ሄዳ ታጧት ይሆናል፣ እሱንም አስተካክሉ። እኔ ለዛ እሁድ ከሰዓት ሁሌ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ሰው ቤት መሄድም ይሁን ሰው መጥራት፣ ያን ምሽት ብቻ መሆን ጥሩ አይደለም።

በቀን ብርሃን መውጣት ዋናው ነገር ነው። ዳመናም ቢሆን። ውጭ ያለው የዳመና ብርሃን ቤት ውስጥ ካለው አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ዓይናቹ ስለሚለምደው ነው እንጂ። ስለዚ በምሳ እረፍት ሃያ ደቂቃ መራመድ፣ በተለይ ጠዋት ላይ ከሆነ ደሞ የበለጠ። "ዝናብ ነው" አትበሉ፣ ካፊያ ነው። ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት አንዴ ገንዘብ አውጥታቹ ግዙ፣ ጃንጥላ እዚህ ሀገር ብዙ ሰው አይዝም፣ ነፋሱም ይገለብጠዋል።

ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት፣ ነርሲንግ ሆም ሌሊት ለምትሰሩ ነገሩ ይከብዳል። ዲሴምበር ላይ የሚነጋው 7፡55 ነው፣ ስለዚ 7 ሰዓት ላይ ስትወጡ ጨለማ፣ ተኝታቹ 4 ሰዓት ተኩል ስትነሱ ጨለማ፣ በቃ ፀሐይ ሳያዩ ሳምንት ማለፍ ይቻላል። እንደደረሳቹ ተኙ፣ ወፍራም መጋረጃ አድርጉ፣ ግን አላርሙን 2 ሰዓት ላይ ሙሉና ከ4 በፊት ውጡ። ልጆች ከትምህርት ቤት የምታመጡ ከሆነ በእግር አምጧቸው።

የብርሃን መሳሪያ የሚባለውም፣ ማለትም ለዊንተር ድብርት ጠዋት ጠዋት አጠገባቹ የምታበሩት ደማቅ መብራት፣ ይሰራል። በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም ነው ከወቅት ጋር የሚመጣውን ድብርት ከነስሙ የጻፈው፣ ሰውዬው ከደቡብ አፍሪካ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ከፀሐይ ሀገር መጥቶ የዚህን ሀገር ዊንተር በራሱ ላይ አይቶታል። ስትገዙ 10,000 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚል፣ ዩቪ የሚያጣራ እዩ፣ ጠዋት በተነሳቹ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ከፊታቹ በጎን በኩል አድርጋቹት ቁርስ ብሉ ወይ ስልክ እዩ፣ ትኩር ብላቹ ግን መብራቱን አትዩት። ማታ አትጠቀሙት እንቅልፍ ይነሳል። የዓይን በሽታ ያለባቹ ወይ ባይፖላር የሚባለው ያለባቹ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። ከኦክቶበር ነው መጀመር ያለበት፣ ጃንዋሪ ላይ ከወደቃቹ በኋላ አይደለም።

ቫይታሚን ዲ ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። ያ መብራት ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። በዚህ ኬክሮስ በዊንተር ወራት ፀሐይ ብትወጣ እንኳን ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሰራበት ጨረር በቂ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደሞ በዛው ፀሐይ የሚሰራው ያነሰ ነው፣ በመስታወት በኩል ደሞ ጭራሽ። ዶክተራቹን "የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ እዘዝልኝ" በሉት፣ ስንት እንደምትወስዱ እሱ ይንገራቹ፣ ጎረቤት የነገረቻቹን ያህል አትዋጡ።

ቤት ውስጥ

ሊጡ እንደ ሰመሩ አይቦካም። ጁላይ ላይ በሁለት ቀን የደረሰው እርሾ ኖቬምበር ላይ ዝም ብሎ ያያቹሃል፣ እና እንጀራው ዓይን አላወጣም ብላቹ ጤፉን ትሰድባላቹ። ቤቱ ቀዝቅዞ ነው። ኦቨኑን ሳታበሩ አምፖሉን ብቻ አብርታቹ ሊጡን ውስጥ አስቀምጡት፣ ወይ አንድ ቀን ጨምሩበት።

ሂተር አትሰስቱ። ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ደስ ይላል፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን በጋቢ ብቻ አይከረምም፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል። ገቢያቹ አነስ ያለ ከሆነ ሲያትል ሲቲ ላይት የቢል ቅናሽ አለው፣ ሊሂፕ የሚባል የፌደራል የማሞቂያ ድጎማም አለ፣ ፎል ላይ ቀደም ብላቹ አመልክቱ፣ መብት ነው።

ከሰል ግን! ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ። በዲሴምበር 2006 ከባድ ነፋስ መጥቶ መብራት ለቀናት ጠፋ፣ ሰዎች ለማሞቂያና ለማብሰያ ከሰልና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አስገብተው በካርቦን ሞኖክሳይድ ሞቱ፣ ከተጎዱት ብዙዎቹ ከሌላ ሀገር የመጡ ነበሩ። እኛ ደሞ ከሰል እንወዳለን፣ ለዕጣኑ፣ ለጀበናው። ሀገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ቤቱም አየር ያስገባል፣ የዚህ ሀገር ቤት ግን ድፍን ነው። ለዕጣን የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ፣ ጀበናው ምድጃ ላይ ይፈላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ባትሪ እንዳለው ሰዓት በምትቀይሩበት እሁድ ቼክ አድርጉ፣ ለማስታወስ ይመቻል።

ሰው

ሰመር ላይ ሰው በአጋጣሚ ይገኛል፣ ዊንተር ላይ በቀጠሮ ካልሆነ አይገኝም። ይሄን ካመናቹ ግማሹ ተሰራ። "እንገናኝ እስኪ" የሚባለው ነገር ኖቬምበር ላይ ዋጋ የለውም፣ ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ያዙ። ማኅበር ካላቹ ወር ጠብቃቹ አታስታጉሉ። እቁብ ካላቹ ገንዘቡን በዜል መላላክ ትታቹ በአካል ጣሉት፣ ጥንትም እኮ እቁብ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ምንም ከሌላቹ ሶስት አራት ቤት ሆናቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና በተራ አፍሉ፣ ከሰዓት ይሁን ማታ አይሁን፣ 8 ሰዓት ላይ ቡና ጠጥቶ ሌሊት ማፍጠጥ ለድብርቱ ይብስበታል። ቤቱ ንጹህ ካልሆነ አልጠራም የምትሉ እህቶች ተዉት፣ ፈንድሻና ቆሎ በቂ ነው፣ ዝግጅት ከበዛ በሶስተኛው ሳምንት ይቆማል።

ብቸኛ ወንዶች በተለይ፣ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገባቹ ተቀምጦ ማንንም ሳታናግሩ የምትውሉ፣ የናንተ ነገር ያሳስበኛል። ኤርፖርት ዌይቲንግ ሎቱ ላይ ያሉት ሰብሰብ ብለው ሻይ የሚጠጡት ልጆች ነገሩ ገብቷቸዋል፣ ተቀላቀሏቸው።

ፎሉን ራሱን ደሞ ውጡና እዩት። ሬኒየር ቢች ያለው ኩቦታ ጋርደን ነፃ ነው፣ እኛ በብዛት የምንኖርበት ሰፈር ውስጥ ሆኖ ስንቱ ሀበሻ እንዳላየው ሳስብ ይገርመኛል። ፉጂታሮ ኩቦታ የሚባል ጃፓናዊ ስደተኛ በ1927 የጀመረው ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡን መንግስት አይዳሆ ካምፕ ሲያስገባቸው ለዓመታት ያለ ሰው ቀረ፣ ተመልሰው እንደገና ሰሩት፣ አሁን የከተማው ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሜፕሉ ቀይ ሲሆን ሂዱ። ልጆች ያላቹ ደሞ ሳልመኑን አሳዩአቸው፣ ኢሳኳ ያለው ማራቢያ ጋ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ በብዛት ይመጣል፣ ሬንተን ሴዳር ሪቨር ላይም ከድልድይ ላይ ሆናቹ ታዩታላቹ፣ ውቅያኖስ ዞሮ የተወለደበት ወንዝ ነው የሚመለሰው፣ ልጆቹ ጥያቄያቸው አያልቅም።

ከወቅት ያለፈ ከሆነ

ትንሽ መክበድ የሁሉም ነው። ግን ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ የሚጫን ከሆነ፣ አስር ሰዓት ተኝታቹም የማትነሱ፣ ዳቦና ስኳር ብቻ የሚያሰኛቹ፣ የምትወዱት ነገር ጣዕሙ የጠፋባቹ፣ ስራ መሄድ ያቃታቹ ከሆነ ይሄ "ደበረኝ" አይደለም፣ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ጸበሉንም ጸሎቱንም ያዙ፣ ሐኪሙንም ያዙ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም። የሚያምነው ሐኪም የሌለው ሰው ክሊኒክ ሲደውል የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፣ በነፃ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ 988 ላይ መደወል ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ጓደኛቹ ኖቬምበር ላይ ከጠፋ ደሞ "ኮርቷል" ብላቹ አትተዉት፣ በሩን አንኳኩ።

የመጨረሻ፣ ሀገር ቤት ለገና ወይ ለጥምቀት ለመሄድ ያሰባቹ ካላቹ ሸኝታቹ እንደጨረሳቹ ሴፕቴምበር ላይ ትኬት ቁረጡ፣ ዲሴምበር ላይ ዋጋው አይነካም። ምርጥ መድኃኒት ነው አልክድም፣ ግን የተመለሳቹባት የመጀመሪያዋ ሳምንት ትከብዳለች፣ ከጃንሜዳ ፀሐይ ወጥታቹ ሲታክ ኤርፖርት ካፊያ ላይ ነው የምታርፉት። እረፍታቹን ሁሉ እዛ አትጨርሱ፣ ከተመለሳቹ በኋላ ሁለት ቀን አስቀሩ፣ መብራቱን በማግስቱ ጠዋት አብሩ፣ የቅዳሜዋን ቡና ተራ ደሞ ለራሳቹ አስይዙ፣ ሻንጣው ሲከፈት ሰው እንዲኖር። ያኔ ፀሐይ የምትጠልቀው 5 ሰዓት አካባቢ ደርሷል፣ ከዲሴምበሩ ግማሽ ሰዓት አትርፋቹሃል ማለት ነው።